ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰን ጊቤን ስንሻገር

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፈው ኅዳር ሰባት ሆነን በብስክሌት ሄድነው፤ አራት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ብስክሌቱ የምን ነው? ማርሹ ስንት ነው? መቀመጫህ አልቆሰለም? (ቆስሏል።) መመለሱን እመልሳለሁ። ግን እንዲህ ዓይነት መንገድ ለመውጣት ላሰበ ሰው የበለጠ የሚጠቅመው ሌላ ወሬ ይመስለኛል። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ባይኖሩ እኛ ዛሬም ጊቤ በረሃ ውስጥ ነበርን። እነሱን እንዴት እንዳገኘናቸው፣ የቱ ላይ እንዳስቀየምናቸው፣ ቀድመን ምን ብናውቅ ይሻል እንደነበር ልጻፈው።

ለምን እንደሄድን ጅማ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር፣ ከየገጠሩ ሰው ታሞ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ይመጣል። ታማሚው አልጋ ያገኛል። አስታማሚውስ? ጋቢውን ለብሶ ኮሪደር ላይ፣ ካልሆነም ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ያድራል። ከቤት የያዘው ስንቅ ቢበዛ ለሦስት ቀን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ለእነዚህ ሰዎች ምሳ ማብሰል ከጀመርን ቆየን። ሲወጡም መሳፈሪያ የሚያጡ አሉ። ታዲያ ገንዘቡ ያልቃል፤ ሁሌም ያልቃል። አንድ እሁድ ከመካከላችን አንዷ፣ «ከአዲስ አበባ በብስክሌት እንምጣና ሰውን በኪሎ ሜትር ቃል እናስገባ» አለች። ሳቅን። በኪሎ ሜትር 10 ብር ቃል የገባ ሰው፣ ጅማ ስንገባ 3,500 ብር በቴሌብር ይልካል ማለት ነው። ሒሳቡን ስንሠራ ሳቁ ቆመ።

ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭነን አዲስ አበባ ገባን። ቲሸርት አሳተምን። ደማቅ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ እንግዳ ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ያለበት። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይቺን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ብዙ ወሬ የለውም። ከአዲስ አበባ እስከ ሰበታ መንገዱ የከባድ መኪና ነው፤ ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ዓለም ገና አካባቢ አንድ ባጃጅ ከኋላችን ተለጠፈ። አያልፍም፣ አይቀርም። ነገር የሚፈልግ መሰለኝ። ዞር ብዬ፣ «እለፍ እንጂ! ምን ፈለግክ?» ብዬ ጮህኩበት። «መብራት የላችሁም ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከሰባታችን መብራት የነበረው ሁለታችን ብስክሌት ላይ ብቻ ነበር። ልጁ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ በራሱ ነዳጅ፣ በኛ ፍጥነት፣ ከኋላ እያበራልን መጣ። ከዚያ ጡሩንባውን ነፋልንና ዞሮ ሄደ። ይቅርታ ለማለት እንኳ አልደረስኩበትም። ማታ 114 ኪሎ ሜትር ጨርሰን ወሊሶ፣ ቀድመን የደወልንበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ወደቅን።

በነጋታው ጠዋት ወልቂጤ ገባን። ጾመ ነቢያት ገብቷል። የንስሐ አባታችን፣ «መንገደኛ ናችሁ፣ ሰዓቱን አላከብድባችሁም፤ ከጥሉላት ብቻ ተጠበቁ» ብለውናል። አንዲት ትንሽ ቤት ገብተን ቆጮ በጎመን በላን። ባለቤቲቱ ከየት ወዴት እንደሆንን ጠየቀች፤ ነገርናት። ሒሳብ ስንል «ተከፍሏል» አለች። እኛም የአበሻ ነገር፣ «አይሆንም፣ እንዴት ተደርጎ» ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥለን ወጣን። ጨዋነት መስሎናል። ሴትዮዋ መንገድ ድረስ ተከትላን መጣች፤ ፊቷ ተለውጧል። «እናንተ ስትሰጡ ጽድቅ ነው፣ እኔ ስሰጥ ነውር ነው?» አለችና ብሩን የብስክሌቴ መሪ ላይ ሻጠችው።

አፈርኩ። ይሉኝታ የምንለው ነገር ከኩራት ጋር ጎረቤት መሆኑን ያን ጠዋት አየሁት። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን ሕግ አወጣን፦ አንድ ጊዜ «አይሆንም» እንላለን፣ ሁለተኛ ከተባልን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንቀበላለን። እንዲህ ያለ መንገድ የምትወጡ ከሆነ ይህን ሕግ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት። ከቡድኑ አንዱ ሲቀበል ሌላው የሚግደረደር ከሆነ፣ የተቀበለው ሆዳም ሆኖ ይቀራል።

ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ ነው። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድልድዩ ያለው 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ የምትወርዱት 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ከዚያ የወረዳችሁትን ያህል ማዶ ትወጣላችሁ። እኛ ቁልቁለቱን የጀመርነው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ በቀትር። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን። ሁለተኛው የኔ ነው፤ ፍሬኑን ይዤ አልለቀውም። ብስክሌቴ ፍሬኑ ቸርኬውን በላስቲክ የሚቆነጥጥ ዓይነት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጡ ከያዙት ቸርኬው ይግላል፣ ጎማ ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይግላል፣ ይነፋል። የኋላው ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ። ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቼ ጉልበቴ ተላጠ። ከመነዳሪው ተቀዷል፣ የውጭውም ጎማ ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጥቶበታል። ትርፍ ከመነዳሪ የያዘው ልጅ ቀድሞን ወርዷል። ስልክ ኔትወርክ የለውም።

አንድ ሲኖትራክ እያቃሰተ ከታች ሲወጣ አየን። እጅ እንኳ አላነሳንም፤ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አየንና፣ «ውረድ» አለው ረዳቱን። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ከመቀመጫ ሥር ቆሻሻ የቀለም ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ ማስቲሽ፣ ፒንሳ፣ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ። ከመነዳሪውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የተቀደደውን ቦታ በድንጋይ ፈገፈገው፤ ጥቁሩ ነጣ እስኪል። ማስቲሹን ቀብቶ እፍ እፍ አለበት። «ቸኩለህ ከለጠፍከው አይዝም፤ ጣትህ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ነው የሚለጠፈው» አለኝ፣ እያሳየኝ። ለጥፎ በድንጋይ ወቀጠው። የውጭውን ጎማ ቀዳዳ ደግሞ በማስቲሽ አልሞከረውም። ከማዳበሪያ ከረጢት መዳፍ የሚያህል ቆርጦ፣ አራት ላይ አጥፎ፣ ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። «ጅማ ያስገባሃል፤ ከዚያ ጎማ ግዛ» አለ። አስገባኝም።

200 ብር ዘረጋሁለት። እንደ ሕጋችን አንድ ጊዜ «ተው» አለ፣ ሁለተኛ ስጎተጉተው ተቀበለ። ከዚያ ቲሸርቴን አየና፣ «ለምንድነው የምትሄዱት?» አለ። ስለ አስታማሚዎቹ ነገርኩት። ብሩን መልሶ የቦርሳዬ ጎን ውስጥ ከተተው። «እናቴን ሳስታምም ወር ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተኝቻለሁ» አለና መኪናው ላይ ዘለለ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ፍሬን አትያዝ! ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ!» እያለ ሄደ። ለእናንተም ያው ነው፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ያዝ ለቀቅ፤ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆማችሁ ቸርኬው ይቀዝቅዝ።

ሸለቆው ሥር ዝንቡ ተቀበለን። የቤት ዝንብ አይደለም፤ ቲሸርት አልፎ ይነድፋል። ነጂ ቆም ሲል የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር የለም። የሚገርመው ደግሞ፣ ነጭ ሹራብ ከላይ የደረበችውን ልጅ ብዙም አልነኳትም። እኛን ግን አሳበዱን። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባንም።

ዳገቱን በእግር እየገፋን ወጣን። ውሃችን አለቀ። እዚህ ጋ ስለ ራሴ የማልወደውን ነገር ልናገር። አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ስትመጣ፣ ሳንጠይቃት አውርዳ በጣሳ ቀዳችልን። ጣሳውን አየሁት። ውሃው ደፍርሷል። «ጠጥቻለሁ» ብዬ ዋሸኋት፤ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ። ልጅቷ ከኔ ይልቅ ከንፈሬን ነበር የምታየው። ከጅማ አብሮን የመጣ፣ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ጓደኛችን ግን ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገናትና ውሃውን ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጠው። ትንሽ ቆይቶ፣ ልጅቷ ስትርቅ፣ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨመረበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ጠጣው። እኔም ጠጣሁ። ውሃ አጋሩ ጠዋት ጀምሮ እኔ ቦርሳ ውስጥም ነበር። የሰጠችንን ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ኋላ ማከም እችል ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር።

12 ሰዓት ሊሆን ሲል አበልቲ ገና ከላያችን ነው። በጨለማ እዚያ መንገድ ላይ መንዳት እብደት ነው። መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት አየን። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ አንጥፈው ይሰግዳሉ። አጥሩ ጋ ቆመን ጠበቅናቸው። ጓደኛችን «እስኪጨርሱ ቃል አትናገሩ» አለን። ሰባት ሰው፣ ሰባት ብስክሌት፣ ዝም። ሰላታቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ «አካም ጅርቱ» አላቸው። የቀበሌውንና የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም ያለበትን የድጋፍ ደብዳቤ፣ መታወቂያችንን አወጣሁ። ሽማግሌው ወረቀቱን አላዩትም። በአማርኛ፣ «ጀርባችሁ ላይ የተጻፈው ምንድነው?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። እንግዳ ስለ መቀበል እንደሆነ አስረዳሁ።

«ታዲያ ደጅ ምን ያቆማችኋል?» አሉ።

ገባን። ወዲያው አንድ ነገር አሳሰበኝ። እኛ ክርስቲያን፣ ቤቱ የሙስሊም ቤት። በአገራችን የሥጋ ነገር ስስ ነው፤ ለእንግዳ በግ ቢያርዱልን ምን ልንል ነው? እምቢ ማለት ይከብዳል፣ መብላትም አንችልም። ባለቤታቸው ቀድማ ገላገለችን። «ኅዳር ነው፤ የገና ጾም ገብቶ የለ? ጾመኛ ናችሁ አይደል?» አለች። ከኛ ሁለቱ እንኳ ቀኑን ረስተውት ነበር፤ እሷ ቆጥራዋለች። ቅቤ የነካውን ድስት ትታ፣ ሌላ ድስት አጥባ፣ በዘይት ሽሮ ሠራች። የበቆሎ ቂጣ ጋገረች። ከአንድ ትሪ፣ እኛ ሰባት እነሱ አምስት፣ ክርን ለክርን ሆነን በላን። ጾም ባይሆን ኖሮ ሁለት ትሪ ይቀርብ እንደነበር አስባለሁ። ቡናው በጨው መጣ። ቀኑን ሙሉ ላብ ላጠበው ሰው፣ ከዚያ የሚጥም ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ቡናው ላይ ስለ ዝንቡ አወራን። ሽማግሌው ቲሸርቴን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ። ይህ ሸለቆ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው ዝንብ አገር ነው። በሬ ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ ያልቃል፤ ገበሬው ያለ በሬ ይቀራል። እሳቸውም ሦስት በሬ ቀብረዋል። ባለሙያዎች መጥተው ዝንቡን የሚያጠምዱት በምን መሰላችሁ? በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ። ዝንቧ ሰማያዊ ትወዳለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች ደግሞ ትከተላለች። «እነሱ ጨርቁን እንጨት ላይ ሰቅለው ይጠብቃሉ፤ እናንተ ለብሳችሁ መጣችሁ!» አሉ። ስድስቱ ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ።

ማታ የአካባቢው ሚሊሻ መጣ፤ እንግዳ ሲገባ ማጣራት ሥራው ነው። ደብዳቤው የጠቀመን ያኔ ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተጽፎ ነበርና እያንዳንዷን መስመር አነበበ። መታወቂያችንን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሄደ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቤቱ ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሞ ተመለሰ። ደብዳቤ ያዙ እላለሁ። ባለቤቶቹ ላያዩት ይችላሉ፤ ለእነሱ ግን ኋላ ከጎረቤትና ከጸጥታ ሰው ጥያቄ መከላከያ ነው። ያሳደረን ሰው በኛ ምክንያት እንዳይቸገር።

ጠዋት ገንዘብ ለመስጠት የሞከረ አልነበረም፤ ከወልቂጤ ተምረናል። ግን ባዶ እጃችንን ስለነበርን ከነከነን። ለሚቀጥለው ተጓዥ የምመክረው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ውጡ፤ ክብደቱ ትንሽ ነው። የሰጣችሁት «ለቤት» እንጂ «ዋጋ» አይመስልም። እኛ ለልጅ ልጃቸው ሰጥተን የወጣነው የተረፈንን በሶ ነው። ሽማግሌው ግን ከኪሳቸው 50 ብር አውጥተው፣ «ለበሽተኞቹ» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ጊዜም «አይሆንም» አላልኩም።

ሦስተኛው ቀን ሌላ ፈተና አመጣ። ከመካከላችን የአንዷ ጉልበት አበጠ። ሳጃ ሳንደርስ አንድ አይሱዙ ቆመና «ጫኑና ግቡ» አለን። ሰው በኪሎ ሜትር ነው ቃል የገባልን፤ መኪና ከወጣን ማታለል አይሆንም? መንገድ ዳር ቆመን ተከራከርን፤ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ክርክራችንን ያዳምጣል። በመጨረሻ እሱ ፈረደ፦ «እሷ ትሂድ፣ ለሰዎቹም እውነቱን ትንገራቸው።» 20 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ ሄደች፤ ቃል ለገቡላት ሁሉ 20 ኪሎ ሜትር ቀንሳ ጻፈች። ሁሉም ሙሉውን ከፈሉ።

ሁሉም ሰው በሩን ከፈተልን አልልም። ሰኮሩ አካባቢ አንድ ሰው ግቢው እንድናድር ጠይቀነው እምቢ አለ። ከኛ አንዱ አጉረመረመ። እኔ ግን ሰውየው ልክ ነው እላለሁ፤ ሚስትና ሕፃናት አሉት፣ እኛን አያውቀንም፣ ዘመኑም ዘመን ነው። የሚሰጥ ሰው የሚደነቀው መከልከል ስለሚችል አይደል? ያን ሌሊት በገንዘባችን አልጋ ይዘን አደርን፤ ዋጋውን ስናይ እንግዳ መሆናችን ገባን። አንድ ምክር ልጨምር፦ ማደሪያ ፍለጋ 10 ሰዓት ላይ ጀምሩ። በብርሃን የሚጠይቅ ሰው መንገደኛ ነው፤ በጨለማ የሚያንኳኳ ያስፈራል። ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ፣ እኛ እንዳየነው፣ የቤቱን እናት ቀድመው ሰላም የሚሉት እነሱ ይሁኑ።

የመጨረሻዎቹ 100 ኪሎ ሜትር የልጆች ናቸው። ከአሰንዳቦ እስከ ሰርቦ ዳገት ባለበት ሁሉ ከየት እንደሚመጡ የማይታወቁ ልጆች ከኋላ ይገፉናል፤ ከብት የሚጠብቁ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ። አንዱ ገፍቶ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። ጅማ ስንገባ 11 ሰዓት ሆኗል። በቀጥታ ወደ አስታማሚዎቹ ግቢ ሄድን። የዚያን ቀን ምሳ የበሉ ሰዎች ብስክሌቶቹን ከበው ጎማ ጎማውን ይነካሉ። ማን እንደሆንን አልነገርናቸውም። አንዲት ከዳውሮ ልጇን ይዛ የመጣች እናት የተላጠ ጉልበቴን አይታ፣ «ወይኔ፣ ታመህ ነው የመጣኸው?» ብላ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ «አይሆንም» አልኩ። ሁለተኛ ስትለኝ ተቀበልኩ።

በየካቲት ስልኬ ጮኸ። የአበልቲው ሽማግሌ ናቸው። የደወሉት ለምንም አይደለም። ባለጉልበቷ ልጅ ዳነች ወይ አሉኝ፤ እዚያ ቤት ስታነክስ አይተዋት ነበር። ስለ በሽተኞቹ ጠየቁ። ከዚያ፣ «ልብሱንስ ምን አደረጋችሁት?» አሉ።

«ለሚቀጥለው ነጭ ልናሳትም ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ነጭ ይቆሽሻል» አሉ። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ግድ የለም፣ እዚህ ስትደርሱ ይታጠባል።»